በገና ዛፍ ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጾመ ነቢያት በገባ ቁጥር ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የማይቀር አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን የገና ዛፍ በቤቱ ቢያቆም ኃጢአት ነውን?» የሚል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት አንዱ ሌላውን «ጣዖት አምላኪ» ሲለው፣ ያም መልሶ «ኋላ ቀር» ሲለው፣ በአንድ መዝሙር ክፍል ጎን ለጎን ቆመው የሚያገለግሉ ወጣቶች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ሲደርሱ እናያለን። በቤተ ልሔም ሰማያውያንና ምድራውያን በአንድነት ያመሰገኑበት በዓል በእኛ ዘንድ የመኳረፊያ ምክንያት ሲሆን ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል። እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገኖች አጥብቀው የሚከራከሩት ታሪኩን ስለማያውቁት ዛፍ ነው።

ዛፉን ከሚነቅፉት እንጀምር። ዘወትር የሚያነሡት ማስረጃ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 10 ነው። ነቢዩ በዚያ ከዱር ስለሚቆረጥ እንጨት፣ በብርና በወርቅ ስለሚጌጥ፣ እንዳይነቃነቅም በመዶሻና በምስማር ስለሚጸና ነገር ይናገራል። «እነሆ ዛፉም፣ ጌጡም፣ መቆሚያው ሳይቀር ተጽፏል!» ይባላል። ሁለት ቁጥር ብቻ ቆርጦ ለሚያነብ ሰው እውነት ይመስላል። እስከ ቁጥር 9 ለሚዘልቅ ግን ነቢዩ ስለምን እንደሚናገር ግልጽ ነው። እንጨቱ በባለ እጅ ተጠርቦ ምስል ይሆናል፤ መራመድ ስለማይችል ሰዎች ይሸከሙታል፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ልብስ ያለብሱታል፤ ክፉም በጎም ማድረግ የማይችለውን ይፈሩታል። ይህ አሕዛብ የሚያመልኩት የተቀረጸ ጣዖት ነው። ኤርምያስ ያስተማረው ጌታችን በሥጋ ከመወለዱ 6 መቶ ዓመታት ገደማ አስቀድሞ ነው፤ ዛሬ የምናየው ዓይነት የገና ዛፍ ደግሞ ከዚያ 2 ሺህ ዓመታት ያህል ቆይቶ የመጣ ነው። ዛፍ የመቅደስ ጌጥ ሊሆን እንደሚችልም ነቢዩ ኢሳይያስ የሊባኖስን ዛፎች እየጠራ ተናግሯል (ኢሳ. 60፥13)። ኢሳይያስ ስለ ገና ዛፍ ትንቢት ተናገረ ማለቴ አይደለም፤ ኤርምያስም አልተናገረም። ጥቅስን ከምዕራፉ ቆርጦ በፈለጉት ቦታ ማቆም፣ ዛፍን ከዱር ቆርጦ ሳሎን ውስጥ ከማቆም ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ዛፉን የሚወዱትም የራሳቸው ተረት አላቸው። ምዕራባውያን ቅዱስ የሚሉት ቦኒፋስ የተባለው ሰባኪ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ምድር አረማውያን የሚያመልኩትን ታላቅ የባሉጥ ዛፍ ሲቆርጥ፣ ከሥሩ ጥድ በቀለ፤ የገና ዛፍም ከዚያ ተጀመረ ይላሉ። ዛፉን መቁረጡ እውነት ነው፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዊሊባልድም ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ዊሊባልድ የሚነግረን ቦኒፋስ በእንጨቱ በቅዱስ ጴጥሮስ ስም የጸሎት ቤት መሥራቱን ነው፤ ስለ ጥድ አንድም ቃል የለውም። ያ በኋላ ዘመን የታከለ ነው። ማርቲን ሉተር ሌሊት በጫካ ሲያልፍ ከዋክብትን በቅርንጫፎች መካከል አይቶ በዛፍ ላይ ሻማ አበራ የሚለውም በራሱ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ የለውም። በጎ የሚመስል ተረትም ቢሆን ተረት ነውና ለልጆቻችን እንደ ታሪክ ልናስተምረው አይገባም።

ታዲያ የታወቀው ምንድን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው ታሊን በ1441፣ በሪጋ ደግሞ በ1510 «ጥቁር ራሶች» የሚባል የነጋዴዎች ማኅበር በበዓል ሰሞን ዛፍ ያቆም እንደ ነበር የሚያመለክቱ መዛግብት አሉ። በዚያ ዛፍ ዙሪያ ይጨፈር ነበር፤ በመጨረሻም ይቃጠል ነበር። ሁለቱ ከተሞች ዛሬም «ቀዳሚው የእኔ ነው» እያሉ ይፎካከራሉ። ዛሬ የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በአልዛስ፣ ሴሌስታ በተባለች ከተማ በ1521 የተጻፈ የሒሳብ መዝገብ ደግሞ ለበዓሉ የሚፈለጉትን ዛፎች ለሚጠብቁ የደን ጠባቂዎች 4 ሽልንግ መከፈሉን ያሳያል። ሰው እየገባ ይቆርጥ ነበርና ጥበቃ አስፈልጓል ማለት ነው። በ1561 በዚያው አውራጃ በአመርሽቪር ከተማ የወጣ ደንብ ማንም ነዋሪ ለገና ከአንድ ዛፍ በላይ እንዳይቆርጥ፣ ቁመቱም ከ8 ጫማ እንዳይበልጥ ከለከለ። የገና ዛፍ ገና ከማለዳው ደንን የሚያሳስብ ነገር እንደ ነበር አስተውሉ፤ ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን በዛፉ ላይ የሚሰቀለው ነው። በምዕራባውያን ዘንድ ታኅሣሥ 24 ቀን፣ የልደታቸው ዋዜማ፣ የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ነገረ ድኅነትን በትዕይንት ያስተምሩ ስለ ነበር፣ የአዳምን ከገነት መባረር የሚያሳይ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። መድረኩ ላይ የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ አንድ ዛፍ ነው። ወቅቱ ግን በረዶ የሚወርድበት፣ ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን የሚያራግፍበት ነው። ስለዚህ ልምላሜው የማይጠፋውን ጥድ መሰል ዛፍ አምጥተው ቀይ ፖም ይሰቅሉበታል። (የእኛ አባቶች ዕፀ በለስ ሲሉ ምዕራባውያን ፖም ማድረጋቸው ከላቲን ቋንቋ ጋር ይያያዛል፤ በላቲን «ክፉ» እና «ፖም» የሚሉት ቃላት ይመሳሰላሉና።) በታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ሐሳብ ይህ «የገነት ዛፍ» ከመድረክ ወደ ቤት ገብቶ የገና ዛፍ ሆነ የሚል ነው።

በቤት ውስጥ ስለ ቆመ ያጌጠ ዛፍ ካሉን ጥንታዊ ምስክርነቶች አንዱ በ1605 በስትራስቡርግ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው ስሙ አይታወቅም። የከተማው ሰዎች ለገና በየክፍላቸው ዛፍ ያቆሙ እንደ ነበር፣ በዛፉም ላይ ከባለ ቀለም ወረቀት የተቆረጡ ጽጌረዳዎችን፣ ፖም፣ ስስ ቂጣ፣ የወርቅ ቅብ ቅጠልና ስኳር ይሰቅሉ እንደ ነበር ይዘረዝራል። በዙሪያውም አራት ማዕዘን ማቀፊያ ይሠሩለት እንደ ነበር ጽፏል።

በዚህ ዝርዝር ላይ እንቁም። ፖሙ አዳም የበላው ነው። ስስ ቂጣው ደግሞ ምዕራባውያን ለቁርባን ከሚያዘጋጁት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ነገር ግን ያልተባረከ ቂጣ ነው። ሞትን ያመጣው ፍሬና ሕይወትን የሚሰጠው ኅብስት በአንድ ዛፍ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በልደት ዋዜማ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሕፃን ጌታ ለምን እንደ ተወለደ በዓይኑ ያይ ነበር፤ በበሉት ስለ ሞቱ፣ የሚበሉት ሕይወት ተሰጣቸው። እኛ ደግሞ በቋንቋችን ከእነርሱ የተሻለ ዕድል አለን፤ «መስቀል» ማለት ነገርን ከፍ አድርጎ ማንጠልጠልም ነው፣ ጌታችን የተሰቀለበት ዕፅም ነው። በዕፀ በለስ የመጣው ሞት በዕፀ መስቀል እንደ ተሻረ፣ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ ከ5500 ዘመን በኋላ እንደ ተፈጸመ አባቶቻችን ያስተማሩንን ይህንኑ ትምህርት፣ እነዚያ የስትራስቡርግ ሰዎች በፖምና በቂጣ ሲናገሩት ነበር። ዛፉ የእኛ ትውፊት አይደለም። ሲናገረው የነበረው ነገር ግን ለእኛ እንግዳ አልነበረም።

አሁን እጅግ የሚያሳዝነውን ክፍል ስሙ። በዚያችው በስትራስቡርግ፣ 40 ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ ዮሐን ኮንራድ ዳንሐወር የተባለ የሉተራውያን መምህርና የካቴድራሉ ሰባኪ ስለ ዛፉ ጻፈ። በ1640ዎቹ መታተም በጀመረው የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፉ፣ ሰዎች ገናን ከእግዚአብሔር ቃል ይልቅ በሚያከብሩባቸው ከንቱ ነገሮች መካከል ዛፉን ይቆጥረዋል። በቤት ያቆሙታል፤ አሻንጉሊትና ስኳር ይሰቅሉበታል፤ ከዚያም ያራግፉታል ይላል። ልማዱ ከየት እንደ መጣ እንደማያውቅም ይናገራል፤ የሕፃናት ጨዋታ ነው፣ ይልቅስ ልጆችን ወደ መንፈሳዊው ዝግባ ወደ ክርስቶስ ብንመራቸው ይሻላል በማለት ይመክራል።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው አትለፉት። እርሱ ያላወቀ ገበሬ አልነበረም፤ የታላቁ ካቴድራል ሰባኪ፣ የሥነ መለኮት ሊቅ ነበር። ፖምና ቂጣ በተሰቀለባት ከተማ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ፣ ፖሙና ቂጣው በአሻንጉሊት ተሸፍነው ሊቁ ራሱ «ከየት እንደ መጣ አላውቅም» እስኪል ድረስ ትርጉሙ ጠፋ። ማንም በአዋጅ አልሻረውም። ወላጅ ለልጁ «ይህ ፖም ይህ ነው፣ ይህ ቂጣ ያ ነው» ማለቱን ተወ፤ በቃ። ስኳሩ ግን ማስረጃ ስለማያስፈልገው ቀረ።

ዛፍን በማቆም ፈንታ የመስቀል ልማድም ነበር። በአልዛስና በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በአንዳንድ ቤቶች ዛፉ ከጣራው ይንጠለጠል ነበር። በደቡብ ፖላንድ ደግሞ «ፖድዋዥኒችካ» የሚባል ባህል አለ፤ የጥዱን ጫፍ ቆርጠው ከቤቱ ወጋግራ ላይ ቁልቁል ይሰቅሉታል፤ በእርሱም ላይ ፖም፣ ለውዝ፣ ከገለባ የተሠራ ኮከብ ይታሰርበታል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወለሉ ላይ ሕፃናት ይድኻሉ፣ ከጣራው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ግን ለማንም አያስፈልግም። ከእነዚህ ጌጦች የሚደንቀው «ሽቪያቲ»፣ ማለትም «ዓለማት»፣ የሚሏቸው ናቸው፤ ከባለ ቀለም ስስ ቂጣ ተቆርጠው በክብ በክብ የሚሠሩ። ፖላንዳውያን እስከ ዛሬ በልደታቸው ዋዜማ በማዕድ ዙሪያ ስስ ቂጣ ቆርሰው እርስ በርስ ይቅር ይባባላሉ፣ መልካም ይመኛሉ። እዚያ ቂጣው ከነትርጉሙ ቆየ። ለምን ቆየ ብትሉ፣ ለዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ተይዞ፣ ተቆርሶ፣ ከአባት ወደ ልጅ በየዓመቱ ስለሚተላለፍ ይመስለኛል።

በሌላው አገር ግን የሰው ጥበብ ሁሉ ወደ መቆሚያው ዞረ። መጀመሪያ ዛፉ አፈር ወይም አሸዋ በሞላው ገንዳ ይተከል፣ ወይም ሁለት ሳንቃ አጋድመው በላዩ በምስማር ይመቱት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከብረት የተቀለጡ፣ በአበባና በመላእክት ምስል ያጌጡ መቆሚያዎች መጡ። በ1876 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚኖር ሄርማን አልብሬክት የተባለ ሰው ለዛፍ መቆሚያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከመጀመሪያዎቹም አንዱ ነው። ጀርመኖች ደግሞ እንደ ሰዓት የሚሞላ፣ ዛፉን ቀስ እያለ የሚያዞርና የልደት ዜማ የሚያሰማ መቆሚያ ሠሩ። ውኃ የሚይዙ መቆሚያዎች መፈልሰፋቸው ግን ቀልድ አልነበረም፤ የደረቀ ዛፍ ላይ ሻማ ማብራት ቤት ያቃጥላልና። በ1882 የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን በኒው ዮርክ ቤቱ 80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች የተሰቀሉበትን ዛፍ አቆመ፤ ዛፉም በኤሌክትሪክ ሞተር ይሽከረከር ነበር። ያየ ሁሉ ተደነቀ። ነገር ግን እስኪ ዝርዝሩን ከ1605ቱ ጋር አስተያዩት፤ አምፖል አለ፣ ሞተር አለ፤ አዳም የለም።

ፖሙስ ምን ሆነ? በጀርመን ቱሪንጊያ በምትገኝ ላውሻ በተባለች መንደር ብርጭቆ የሚነፉ ባለሙያዎች በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን የብርጭቆ ኳስ ሠሩለት። የአሜሪካ ነጋዴዎች እያስመጡ በየሱቁ ሸጡት። ዛሬ በከተማችን ሱቆች የምታዩት ቀይ የፕላስቲክ ኳስ የዚያ ፖም የልጅ ልጅ ነው። የሚሸጠውም፣ የሚገዛውም አያውቀውም።

ትርጉሙ የወጣለት ዛፍ ደግሞ ለማንኛውም ጌታ ያገለግላል። ለዚህ ከሩሲያ የተሻለ ምስክር የለም። በዚያች ኦርቶዶክሳዊት አገር ዛፉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየቤቱ የልደት ጌጥ ሆኖ ነበር። ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ «የካህናት ልማድ ነው» ብለው አገዱት። በታኅሣሥ 1935 ግን ፓቬል ፖስቲሼቭ የተባለ የፓርቲ ሹም በፕራቭዳ ጋዜጣ ባወጣው ደብዳቤ ዛፉ ለሕፃናት እንዲመለስ ጠየቀ፤ ወዲያውም ተመለሰ። የተመለሰው ግን ለአዲስ ዓመት እንጂ ለልደት አልነበረም፤ በጫፉም ላይ የቤተ ልሔም ኮከብ ሳይሆን ባለ አምስት ጫፉ ቀይ ኮከብ ተቀመጠበት። ቤተ ክርስቲያን እየፈረሰ፣ ካህናት እየተገደሉ፣ ያው ዛፍ በመንግሥት አዳራሽ ያለ ምንም ኀፍረት ያበራ ነበር። የጀርመን ናዚዎችም በበኩላቸው የራሳቸውን ምልክት ሰቅለውበታል። ዛፉ እምቢ አላለም፤ እንዴትስ ይላል?

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ የምሰጠው አስተያየት ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። የገና ዛፍ ለእኛ ጣዖት አይደለም፤ መስታወት ነው። በስትራስቡርግ የሆነው በእኛም ቤት እየሆነ እንዳይሆን እፈራለሁ።

እኛም እኮ ዛፍ የምናቆም ሕዝብ ነን! በመስከረም 16 በየአደባባዩ ደመራ እንደምራለን፤ መካከለኛውን ምሰሶ አቁመን፣ አደይ አበባ አስረን፣ መስቀል በጫፉ አድርገን እንለኩሰዋለን። ከደመራው ወደ የት ወደቀ የሚለው ብቻ ትዝ የሚለን ስንቶች ነን? ንግሥት እሌኒ በአረጋዊው ኪራኮስ ጥቆማ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ፣ ጢሱ ወጥቶ ወደ ተቀበረው መስቀል እንዳመለከታት ለታናሽ ወንድሙ ወይም እህቱ ቁጭ ብሎ የነገረ ማን ነው? በቀዳም ሥዑር ለምለም ቄጤማ ከካህናት እጅ ተቀብለን በራሳችን እናስራለን። ርግብ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል እንዳበሠረች፣ የኃጢአት ማዕበልም በክርስቶስ ሞት መድረቁን የሚያበሥር መሆኑን ምን ያህሎቻችን እናውቃለን? ካላወቅን ያ ቄጤማ ገና ከአሁኑ ቀይ የፕላስቲክ ኳስ ሆኗል። በገና በዓል ሜዳ ወጥተን የምንመታው ሩር፣ የምንይዘው ዱላ የእረኞቹን ደስታ እንዲያስታውስ መሆኑ ከተረሳ፣ የቀረው ዱላ ብቻ ነው። ከ1605 እስከ 1640ዎቹ ያለውን ርዝመት አትርሱ። ከእናንተ አያት እስከ እናንተ ድረስ ካለው ያንሳል።

ስለዚህ «ዛፍ ማቆም ኃጢአት ነውን?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው። በቤቱ ያቆመውን ወንድም «ጣዖት አምላኪ» ማለት ሐሰት ነው፤ ሐሰትም ኃጢአት ነው። ሐዋርያው ስለ መብልና ስለ ቀን በሚለያዩት መካከል እንዳስተማረ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይፍረድ (ሮሜ 14)። በሌላ በኩል የእኔ ዛፍ ለወንድሜ ዕንቅፋት ከሆነ እርሱን መተው ምንም አያጎድለኝም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለወንድሙ ሲል ሥጋ ላለመብላት ቆርጦ ሳለ፣ የእኛ ሳሎን ለፕላስቲክ ዛፍ ሲል ሰው ሊያሰናክል አይገባውም (1ቆሮ. 8፥13)።

በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግን ባይቆም እመርጣለሁ። ርኩስ ስለሆነ አይደለም፤ በመካከላችን የሚናገረው ስለሌለው ነው። ደግሞም የዘመኑ ነገር አለ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይጀምራል፤ የገበያ አዳራሹ ዛፍም የሚያበራው በዚያው ሰሞን ነው። ነቢያት የጌታን መምጣት በናፍቆት እንደ ጠበቁ እኛም በጾምና በጸሎት የምንጠብቅበት ወራት፣ ደርሶ እንዳለቀ በዓል በሙዚቃና በመብራት ይሞላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ከቅዳሴ ስትመለሱ የጎረቤቶቻችሁ ዛፎች የእግረኛ መንገድ ዳር ተጥለው የቆሻሻ መኪና ይጠብቃሉ። ጾሙ ሲገባ ይቆማል፤ በዓሉ ሲገባ ይጣላል። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «እኛ ለምን የለንም?» ሲላችሁ «የአረማውያን ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ነገ እውነቱን ያነብባልና በሌላውም ቃላችሁ ይጠራጠራል። ይልቅ አንድ ፖምና አንድ ቁራሽ እንጀራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና የአዳምን ታሪክ ንገሩት። በዛፉ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ይህ እንደ ነበር ሲሰማ፣ ከጓደኞቹ ይልቅ ስለ ዛፉ የሚያውቅ እርሱ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት እነቅፋለሁ፤ ለገና ተብሎ የሐበሻ ጥድ መቁረጥን። አመርሽቪሮች በ1561 ያወቁትን እኛ ዛሬ ልናጣው አይገባም። ጥዳችን ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ገበሬው ሁሉ መሬቱን ሲያርስ፣ ጥድና ወይራን በየአጥቢያው ዐፀድ ጠብቀው ያቆዩልን አባቶችና እናቶች ናቸው። እነዚያ ጥዶች ቆመዋል፤ መቆሚያ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ዓመት በአዳራሻችን አንድ ነገር ይቁም ካላችሁ የልደትን ሥዕል አቁሙ፤ ከሥሩም ቄጤማ ጎዝጉዙ። ከዚያ ሕፃናቱን በየተራ አምጥታችሁ በሥዕሉ ላይ ያለውን እያመለከቱ እንዲጠይቁ አድርጓቸው። ላሟና አህያዋ ለምን እዚያ እንዳሉ፣ ከሰብአ ሰገል አንዱ የያዘው ምን እንደሆነ፣ ሰሎሜ ማን እንደሆነች ይጠይቋችኋል። የእረኞቹን በትር ሲያዩ ደግሞ ስለ ገና ዱላ መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ከወዲሁ ከአባቶች ጠይቃችሁ ያዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።